ጸጉራሙና ሁለቱ ጀሪካኖች

ጥቅምት 18

ለተከራዬ ለመካኒኩ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለጤናዬ መጠየቅህን አይቻለሁ። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፤ የቀረው አካሌ ግን ከመርከብህ ሞተር ሳይሻል አይቀርም። ስለ እኔ ጤና አንድ መስመር፣ ስለዚያ የዓሣ ገንዳ ጤና ሁለት ገጽ ተኩል ጽፈሃል። አልቆጠረችም እንዳትል፣ ቆጥሬያለሁ።

መልሱ ይኸውልህ። አዎ፣ መብራቱን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አበራዋለሁ። አዎ፣ ሁለቱ ብርቱካንማ ዓሦች በሕይወት አሉ። አዎ፣ ያ አኔሞን የምትለው ፍጡርም አለ። ስሙን አፌ አልለምድ ስላለው እኛ ቤት «ጸጉራሙ» ተብሏል። መጀመሪያ ሳየው አበባ መስሎኝ ነበር። ልጄ «እማዬ፣ እንስሳ እኮ ነው፤ አፍም ሆድም አለው» ስትለኝ ነው ልቤ የራራው። ሆድ ያለው ነገር ሁሉ እኔን ይመለከተኛል። ሠላሳ አራት ዓመት የፋብሪካ ወጥ ቤት ኃላፊ ሆኜ አራት መቶ ሠራተኛ ያበላሁ ሴት፣ አንድ ጸጉራም አያቅተኝም።

ስለ ምግቡ ለጠየቅኸኝ፣ በሳምንት ሁለቴ ያን ሽሪምፕ የምትለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት እሰጠዋለሁ። ቀቅዬ ነው የምሰጠው። ግድግዳው ላይ በለጠፍከው ወረቀት «ጥሬውን» ማለትህን አንብቤዋለሁ፤ በእኔ እጅ ግን ጥሬ ነገር ለማንም አይቀርብም።

ልጅዎ አታግዝዎትም ወይ ላልከው፣ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ይልካታል። ስለዚህ ገንዳው እኔው ጫንቃ ላይ ወድቋል። ስለ እሷ ሌላ የምነግርህ የለኝም፤ ስምህ ሲነሳ ድንገት ሳህን ማጠብ ያምራታል፣ እሱን ብቻ ልብ ብያለሁ።

ወደዚያ ነገር ልምጣ። ሻንጣህን አንግተህ፣ ታክሲው ደጅ ላይ ጡሩምባውን እየነፋ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ «እትዬ፣ ልጅዎን ላገባ እፈልጋለሁ» አልከኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጠይቀው። እሷም ብትሆን «እናቴ እሺ ካለች» ብላ ሸክሙን ወደ እኔ ወረወረችው። ያን ጊዜ ያልኩህን አሁንም እልሃለሁ፤ መልሱን ስትመለስ እነግርሃለሁ። ስድስት ወር ባሕር ላይ የሚሰነብት ሰው ሐሳቡ ወዴት እንደሚነፍስ አይታወቅም። እስከዚያው በሌላኛው ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ጽፌልሃለሁ። አንዱንም ሳትዘል መልስ።

አከራይህ


ኅዳር 8

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህን የምጽፈው ከሞተር ክፍሉ በላይ ባለችው አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው፤ አልጋዋ ስለምትንቀጠቀጥ ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፣ አልጠጣም አልልም፤ ግን በሁለተኛው ብርጭቆ እንቅልፌ ስለሚመጣ ብዙ ሰው አላስቸገርኩም። ሁለተኛ፣ እናቴ እኔ ሳልጠነክር ነው ያረፈችው። ያሳደገኝ አጎቴ ነው፤ ጀልባ ጠጋኝ ነበር፣ ሞተር መውደድም ከእሱ ነው የተጋባብኝ። ሦስተኛ፣ አላንኮራፋም ብዬ እንዳልጽፍ አብሮኝ የሚያድረው በያጅ ከትከሻዬ በላይ እያነበበ ይስቃል።

አራተኛውን፣ ማለትም «ለምን ልጄን?» ያሉትን፣ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። እውነቱ ይኸው ነው። ገንዳውን ቤትዎ አምጥቼ ስተክል ያየው ሰው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅምሃል?» ነው ያለኝ። ልጅዎ ብቻ በርጩማ ስባ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አኔሞኑን እያሳየች ዞር ብላ «የሚጨማደደው ሲፈራ ነው አይደል?» አለችኝ። እትዬ፣ እኔ እዚያው ነው ያለቀልኝ።

ስለ ሽሪምፑ እለምንዎታለሁ፤ ባሕር ውስጥ ምድጃ ስለሌለ ሆዱ የለመደው ጥሬውን ነው። ደግሞም በጥያቄዎቹ ወረቀት ግርጌ ዐለቱ ላይ ማን እንዳስቀመጠው ለጠየቁኝ፣ ማንም አያስቀምጠውም። እሱ ራሱ የዐለት ስንጥቅ መርጦ እግሩን እዚያ ይሰካል። ከተመቸው ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። ከቦታው ተነስቶ መሄድ ከጀመረ ግን አንድ ቅር ያለው ነገር አለ ማለት ነውና ወዲያው ይጻፉልኝ። ወረቀቱን ከተከተሉ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም፤ አያስቡ።

አክባሪዎ ተከራይ


ኅዳር 27

ውድ ልጅ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ብርድ እንዳይመታህ ሹራብ ደርብ። እኛ ደህና ነን። ልጄ ሥልጠናው ላይ ደህና ናት። የሚያፈሰው ጣራ ታድሷል። ዓሦቹም ደህና ናቸው። ጸጉራሙም፣ እንግዲህ፣ አለ። ሽሪምፑን ጥሬውን መስጠት ጀምሬያለሁ፤ ልክ ነበርክ።

ስለዚያኛው ነገር እንዳልጽፍልህ ጎረቤት ጠርታኝ መሄዴ ነው። ራስህን ጠብቅ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለጠቅላላ እውቀት ያህል ልጠይቅህ፤ አንድ ጸጉራም ከዐለቱ ወርዶ በመስታወቱ ላይ መሄድ ቢጀምር፣ ስንት ቀን ሄዶ ያርፋል?

አክባሪህ


ታኅሣሥ 15

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎ ሲመጣ የሞተር ዘይት እየቀየርኩ ነበር። እጄን ሳልታጠብ ነው የከፈትኩት። «ልክ ነበርክ» የሚለው ላይ ስደርስ ልቤ ቀጥ አለ። ሁለት ዓመት ቤትዎ ስኖር፣ የፈነዳውን ቧንቧ በጠገንኩ ቀን እንኳ ልክ ነህ ብለውኝ አያውቁም። ሹራብ ደርብ ሲሉኝማ ጭራሽ ፈራሁ።

ለጠቅላላ እውቀት ያህል ለጠየቁት፣ የሚመቸው ቦታ እስኪያገኝ ይሄዳል። ሲሄድ የሚያሰጋው የገንዳውን ውሃ የሚያዘዋውረው ፓምፕ ነው፤ ከቀረበው ስቦ ይፈጨዋል። እባክዎ ፓምፑን በሆነ ነገር ይሸፍኑልኝ።

ይህን ጽፌ ወደ ሥራ ወረድኩ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ እየሞላሁ ሳለ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩልዎ ወረቀት ትዝ አለኝ። «ውሃው ሲቀንስ ከጀሪካኑ ጨምሩ» ነው የሚለው። ከየትኛው ጀሪካን? ከገንዳው ሥር ያሉት ሁለት ናቸው። ሰማያዊው ጨው ያለበት ነው፤ እሱ አሮጌው ውሃ ተቀድቶ ሲለወጥ ብቻ ነው የሚጨመረው። ቢጫው ባዶ ውሃ ነው፤ በየቀኑ የሚተንነውን የሚተካው እሱ ነው። ውሃው ይተንናል፣ ጨው ግን እዚያው ይቀራል። እኔ ስለማውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ። መርከብ ላይ በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይ ምልክት የምለጥፍ ሰውዬ ሁለት ጀሪካን ላይ አንዲት ቃል መጻፍ አቃተኝ።

ስለዚህ የሆነ ነገር ሆኖ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሞቶም ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ። ለዚያኛው ጥያቄዬ መልስዎ እምቢ ከሆነ ግን እባክዎ ስመለስ ይንገሩኝ። ባሕር ላይ አይንገሩኝ።

አክባሪዎ


ታኅሣሥ 16

ለመካኒኩ፣

ሆዴ አልችል አለ። ያለፈውን ደብዳቤ እርሳው፤ ጎረቤትም አልጠራችኝም።

ከሁለቱ ጀሪካን ሰማያዊውን መረጥኩ። ስቀምሰው ጨው ጨው ይላል፤ ባሕርም ጨው ነው። ለባሕር ፍጥረት ባዶ ውሃ መስጠት ለራበው ሰው ባዶ ሳህን እንደማቅረብ መሰለኝ። ሲያልቅም ራሴ ጨው እየበጠበጥኩ ሞላሁት። ልኩን ለማወቅ በየቀኑ ጣቴን ነክሬ እቀምስ ነበር። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጨምር ምላሴም አብሮ እየለመደ ሄደና ልዩነቱ ሳይታወቀኝ ቀረ።

በሰባተኛው ሳምንት ጸጉራሙ ተጨማደደ፤ ታጥቦ የተሰጣ ካልሲ መሰለ። አንድ ጠዋት ስገባ ዐለቱ ላይ የለም። ጸጉሩ ውስጥ ማደር የለመዱት ዓሦቹ ቤት እንደፈረሰባቸው ሰዎች ጥግ ይዘው ቆመዋል። እሱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ በቀን አንድ ስንዝር እየተሳበ ወደ ፓምፑ ይሄዳል። እኔ ከስጋ መፍጫ ጋር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ምን እንደሚደርስበት ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። የልጄን አዲስ ስቶኪንግ ከመሳቢያዋ አወጣሁና ፓምፑን አለበስኩት። ይህ ሁሉ ሲሆን ነው እንግዲህ «ለጠቅላላ እውቀት» ብዬ የጻፍኩልህ።

ልጄ ከሥልጠናው ስትመለስ መጀመሪያ ያየችው ስቶኪንጓን ነው። «እማዬ፣ ምን ሠርተሽ ነው?» አለችኝ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። በማግስቱ ከላቦራቶሪው አስፈቅዳ ትንሽ መነጽር የመሰለ ዕቃ ይዛ መጣች። የበሽተኛ ሽንት የሚለካበት ነው ስትለኝ፣ ታጥቧል ወይ ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳት። ከገንዳው አንድ ጠብታ አደረገችበትና ወደ መስኮቱ አዙራ አየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። ሃያ አምስተኛው መስመር ላይ መሆን የሚገባው ጨው ሠላሳ ስድስት ላይ ወጥቶ ተሰቅሏል። «እማዬ፣ ውሃ እንጂ ጨው እኮ አይተንንም» አለችኝ።

እስቲ እኔን አስበኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ሾርባው ብዙ ከተንተከተከ ጨው ይበዛበታል፤ ባዶ ውሃ ጨምሩበት» እያልኩ በሰው ላይ ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ። ለአንድ ድስት የማውቀውን ለአንድ ገንዳ አላወቅኩትም። ኩም ብዬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ልጄ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ሳያት ለካ እየሳቀች ነው። እኔም ሳቄ መጣ።

አሁን እሷ ጠዋት ጠዋት ትለካለች። እኔ በየሰዓቱ አንድ ጭልፋ ጨዋማውን እቀዳለሁ፣ አንድ ጭልፋ ባዶ ውሃ እጨምራለሁ። በአንድ ጊዜ ካወረድነው ይደነግጣል ስላለችኝ በቀን አንድ መስመር ብቻ ነው የምንወርደው። ዛሬ ሠላሳ ላይ ነን። ተከፍቶ የነበረውን አፉን ገጥሟል፣ ግን ገና ካልሲ ነው። ይትረፍ አይትረፍ አላውቅም።

የሚያስፈራኝን ልንገርህ። ልጄ አንተን የወደደችው እዚያ ገንዳ ፊት ከሆነ፣ ስትመለስ የምታገኘው ባዶ ውሃ ቢሆንስ? እሷ «በአንድ ጸጉራም የሚቀር ሰው ከሆነ ይቅር» ትላለች። እንዲህ የሚለው ግን አፏ ነው፤ አንዱን ጠብታ ሦስቴ ትለካዋለች። ያን ዕለት ሻንጣህን ይዘህ ስትጠይቀኝ እንዳኮራኝ አሁን አያኮራኝም። ጥያቄህን መልሰህ ብትወስድ አልቀየምህም።

አከራይህ


ጥር 9

ለመካኒኩ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። አንተ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለህ፣ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ አልሞተም።

ያንተን ልጄ ጮክ ብላ ነው ያነበበችልኝ። «ሰው ሁሉ የሚያውቀው መሰለኝ» የሚለው ላይ ደሜ ፈላ። አንድ ቃል፣ «ቢጫው» ብትል ምን ነበረበት? ስትመለስ ምን ምን እንደምልህ እያሰናዳሁ ሳለ የመጨረሻዋን መስመር አነበበች። «ባሕር ላይ አይንገሩኝ» የሚለው አንጀቴን በላው። የተሰናዳው ስድብ ሁሉ እዚያው ቀረ።

ውሃው ሃያ አምስት ገብቷል። ጸጉራሙ ወደ ዐለቱ ተመልሶ ጸጉሩን ዘርግቶ ነበር፤ ዓሦቹም ገብተው ይንከባለሉበት ጀመር። ሦስት ቀን ሙሉ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይጎትታል። ዛሬ ጠዋት መሃሉ ተቀድዷል። ጭልፋዬ ነክቶት ይሆን? ከእንግዲህ ምንም አልደብቅህም፤ ፊቱ ተቀምጬ እያየሁት ነው የምጽፍልህ፣ እየተቀደደ ነው። ልጄ ሥራ ላይ ናት። ቶሎ መልስልኝ።


ጥር 29

እትዬ፣ በመጀመሪያ ይቀመጡ።

አልቀደዱትም። የሚባዛው እንዲህ ነው። ከጭንቅ ሲወጣና ሲመቸው ራሱን ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሾቹም ቁስላቸው ይድንና ሁለት ሙሉ አኔሞን ይሆናሉ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሁለቱንም እያበሏቸው ይሆናል። እኔ አራት ዓመት ስይዘው አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላደረገልኝም፤ ለእርስዎ አደረገ።

ያነበብኩበት ጊዜ ደስታው አላስቆመኝም። ለበያጁ ነገርኩ፣ ለምግብ አብሳዩ ነገርኩ፣ ካፒቴኑ ክፍል ድረስ ወጥቼ ነገርኩ። ካፒቴኑ «ማነው የወለደው?» ሲለኝ «አከራዬ ቤት ነው» አልኩት። ግራ ቢገባውም እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል። እርስዎንም እንኳን ደስ ያለዎ ብሏል።

ጥያቄህን መልሰህ ውሰድ ላሉኝ፣ አልወስድም። ለባዶ ገንዳም ቢሆን አልወስድም ነበር። የምነግርዎ ሌላ ነገርም አለኝ፤ ግን መልስዎን ሳልሰማ ብነግርዎ ጉቦ ይመስልብኛልና ይቆይ።

አክባሪዎ


የካቲት 20

ለመካኒኩ፣

እውነትም ሁለት ሆነዋል። አንዱ በቀድሞው ዐለት ላይ ነው፤ ሌላው ወደ ግራ ሄዶ ከበርጩማዬ ፊት ለፊት ሰፍሯል። ዓሦቹ ግራ ገብቷቸው ጠዋት አንዱ ጋ፣ ከሰዓት ሌላው ጋ ናቸው። ጥያቄዬን አልወስድም ማለትህን ለልጄ ነገርኳት፤ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ ቢያልቅባት መስኮቱን ማጽዳት ጀመረች።

አሁን ወደ መልሱ ልምጣ። ስትመለስ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። አንተ ግን ባሕር ላይ አይንገሩኝ ያልከኝ እምቢውን ነው እንጂ እሺውን አይደለም። ስለዚህ እዚያው ባሕርህ ላይ ሆነህ ስማ። እሺ ብያለሁ። አፌን ሞልቼ ነው እሺ ያልኩት።

ለምን እንዳቆየሁህም ማወቅ አለብህ። ንቄህ አይደለም። ባሌ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከፋብሪካው ጡረታ ከወጣሁ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አራት መቶ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ለአንድ ሰው ብቻ ሽንኩርት ስትከትፍ ምን እንደሚሰማት አንተ አታውቀውም። ልጄ ሥልጠና በሄደችበት ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ያን ቀን በር ላይ ስትጠይቀኝ የታየኝ እሱ ነበር። አንተ ልጄን ስትለኝ እኔ የሰማሁት ባዶ ቤቱን ነው። ራስ ወዳድነት መሆኑን አውቃለሁ፣ አፍሬበታለሁም።

ስለዚህ ሂዱ፤ ተጋቡ፣ ቤታችሁንም ሥሩ። ገንዳው ያንተ ነው፣ ይዘኸው ትሄዳለህ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜህ እንደሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ተውልኝ። ትንሹን። ትንሽ ገንዳ ራሴ ፈልጌ አገኛለሁ፤ ጀሪካኑንም አሁን ለይቼዋለሁ። ጠዋት ስነሳ የማበላው አንድ አፍ ይኑረኝ።

እናትህ ልሆን ነው መሰለኝ


መጋቢት 14

ለእናቴ፣

ደብዳቤዎን ሞተር ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «እሺ ብያለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ በያጁ አመመህ ወይ ብሎ ያዘኝ። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ከዚያ የቀረውን አነበብኩና የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልመናዎን ግን አልቀበልም። አንዱን አልተውልዎትም። ሁለቱም እዚያው ናቸው። ለመሆኑ እንሄዳለን ያለዎት ማነው?

ጉቦ እንዳይመስልብኝ የደበቅኩትን አሁን ልንገርዎ። ከቤትዎ ሦስት ፌርማታ ላይ ያለው የመርከብ ጥገና ሥፍራ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀጥሮኛል። ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እገባለሁ። ልጅዎ ታውቀዋለች። የጻፈችልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም፤ «እናቴን ጥዬ የትም አልሄድም፤ ይህን ካልቻልክ አሁኑኑ ንገረኝ» ነው የሚለው። በዚያው ቀን ለጥገና ሥፍራው ማመልከቻ ጻፍኩ። እማዬ እሺ እስክትል ዝም እንበል ያለችውም እሷ ናት። «በእኔ ተገዳ እሺ እንዳትል» ብላ ነው፤ ስለዚህ አይቆጧት። ሳህን ስታጥብልዎ የከረመችውም ለዚህ ነው፤ አፏ እንዳያመልጣት።

ሽንኩርቱን ለሦስት ሰው ይክተፉት፤ እኔ ደግሞ ብዙ እበላለሁ። መርከባችን ነገ የመጨረሻውን ወደብ ይለቃል፣ ይህ ደብዳቤ ቢቀድመኝ በጥቂት ቀን ነው። ከዚያ ቤት የሚወጣ ሰው የለም። የሚገባ ግን አለ፤ መጋቢት 24፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ደጅዎ ላይ ነኝ።